ሲስተም ከመግዛታችሁ በፊት የስልክ ጥሪዎቻችሁን ቁጠሩ

ጥያቄ፦ «የመኪና መለዋወጫ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የኦፕሬሽን ኃላፊ ነኝ። አንድ ዋና መጋዘንና ሦስት መሸጫ ሱቆች አሉን። ሰራተኞቻችን 60 ገደማ ናቸው። ባለቤቱ ትዕዛዝ የሚቀበል፣ ዋጋ የሚሰጥ፣ ዱቤ የሚፈቅድና ዕቃ ሲያልቅ ራሱ ግዢ የሚጠይቅ ሲስተም ሊገዙ ነው። ሻጩ ድርጅት በሦስት ወር ስራ እናስጀምራለን ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ‹ዝግጁ መሆናችንን ገምግመህ ሪፖርት አምጣልኝ› ብለውኛል። ኮምፒውተሩንና ኢንተርኔቱን ከማየት ሌላ ምን ልገምግም? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

በጥሩ ጊዜ ነው የጠየቁት። ውሉ ገና አልተፈረመም። ስለዚህ በግምገማው የሚያገኙት ነገር ሁሉ ውሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ኮምፒውተሩንና ኢንተርኔቱን ይዩ፤ ግን መጨረሻ ላይ ይዩት። የጎደለ ኮምፒውተር በሳምንት ውስጥ ተገዝቶ ይገባል። እኔ የአንድን ድርጅት ዝግጁነት ስገመግም መጀመሪያ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ስራው ሰው ለሰው ሳይደዋወል ምን ያህል ርቀት ይሄዳል?

ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። በአብዛኛው ድርጅት መመሪያ ላይ የተጻፈው አሰራርና ዕቃውን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው አሰራር አይገናኙም። መመሪያው «ደንበኛ ያዛል፣ ሽያጭ ፕሮፎርማ ይሰጣል፣ ፋይናንስ ክፍያ ያረጋግጣል፣ ስቶር ያወጣል» ይላል። ሱቅ ውስጥ የሚሆነው ግን እንዲህ ነው። ሻጩ ለስቶር ኪፐሩ ይደውላል፤ «የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ አራት ይላል፣ በእርግጥ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ለባለቤቱ ይደውላል፤ «ለዚህ ሰውዬ ስንት ልቀንስለት?» ይላል። ደንበኛው የከፈለበትን ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልካል። ፋይናንስ ገንዘቡ መግባቱን ለማረጋገጥ ባንክ ወዳለው ሰው ይደውላል። ስቶር ኪፐሩም ዕቃውን ከመስጠቱ በፊት «ልስጠው?» ብሎ ይደውላል።

እነዚህ ጥሪዎች ውስጥ ያለው ውሳኔ የትም አልተጻፈም። ሲስተም ደግሞ አይደውልም። የተነገረውን ብቻ ይሰራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥሪ ከሁለት አንዱን ይነግረናል። ወይ ያልተጻፈ ህግ አለ፣ ወይ ሰዎቻችሁ የማያምኑት መረጃ አለ። ሁለቱም ሳይስተካከሉ ሲስተሙ ከገባ ጥሪው አይቀርም። ሰራተኛው እንደ ድሮው ደውሎ ይጨርስና ማታ ላይ ሲስተሙ ውስጥ ይሞላል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሲስተም የጽሕፈት መኪና ሆኖ የሚቀረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ይጀምሩ። ባለፈው ወር ከተስተናገዱት ትዕዛዞች 40 ያህሉን ያውጡ። ጥሩ ጥሩውን አይምረጡ። ከሦስቱም ሱቆች ይሁን። በካሽ የተሸጠም በዱቤ የተሸጠም ይኑርበት። የትልቅ ጋራዥ ትዕዛዝ፣ የሶማሌ ተራ ቸርቻሪ ትዕዛዝ፣ ከክፍለ ሀገር በሹፌር የተላከ ትዕዛዝ ይኑርበት። የተመለሰ ዕቃና የተሰረዘ ሽያጭም አይቅር፤ እንዲያውም ብዙ የሚያስተምረው እሱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከነኩት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተሉት። ማን ለማን ደወለ? ምን ጠየቀ? መልሱ ምን ላይ ተመስርቶ ተሰጠ? ዕቃው ስንት ሰዓት ሲጠብቅ ነበር?

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰራተኛው ኦዲት እየተደረገ ከመሰለው ጥሪዎቹን ይደብቃል። በተለይ ስቶር ኪፐሩና ገንዘብ ተቀባይዋ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን «የማንንም ጥፋት አልፈልግም፤ ስራው በእውነት እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው የምፈልገው» ይበሏቸው። የሰሙትንም ለቅጣት አይጠቀሙበት። ይህ ቃል አንዴ ከታጠፈ ሁለተኛ እውነት የሚነግርዎት ሰው አያገኙም።

ጥሪዎቹን ሲደረድሯቸው በእናንተ ንግድ አብዛኞቹ ጥቂት ቦታ ላይ እንደሚከማቹ እገምታለሁ። የዕቃው ማንነት፣ የዕቃው መኖር፣ ዋጋ፣ ዱቤና የክፍያ ማረጋገጫ።

የዕቃው ማንነት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መለዋወጫ ላይ ትልቁ ጣጣ እሱ ነውና። አንዱ ሻጭ «ኩሽኔታ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሌላው «ቤሪንግ» ይላል። አንዱ «ካንዴላ» ሲል ሌላው «ስፓርክ ፕላግ» ይላል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ እያንዳንዱ ከጣሊያንኛው ስሙ ጎን የእንግሊዝኛ ስምም አለው። መካኒኩም ሻጩም ሁለቱንም ያውቃል፤ ችግር የለበትም። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ዕቃ ነው የሚመስለው። በአንደኛው ስም ዜሮ ቀርቷል ብሎ ከውጭ ግዢ ይጠይቃል፤ በሌላኛው ስም መደርደሪያ ሙሉ ዕቃ ተቀምጧል። በዚህ ላይ ኦሪጅናልና ኮፒ አለ። አምራቹ የዕቃውን ቁጥር በአዲስ ቁጥር ሲተካውም አለ፤ ያኔ አሮጌውና አዲሱ ቁጥር አንድ ዕቃ መሆናቸውን የሚያውቀው የቆየው ስቶር ኪፐር ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በጣም የሚሸጡትን 200 ዕቃዎች ይምረጡና ለእያንዳንዱ አንድ መለያ ቁጥር፣ አንድ ዋና ስም፣ የሚጠራባቸውን ሌሎች ስሞች፣ የአምራቹን ቁጥርና የሚገጥምለትን የመኪና ዓይነት የያዘ ዝርዝር ለመስራት ይሞክሩ። ሙሉውን አሁን አይጨርሱትም፤ አያስፈልግም። የምትፈልጉት ስንት ቀን እንደፈጀና ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቃችሁ ማወቅ ነው። 200 ዕቃ ሁለት ሳምንት ከፈጀ፣ አምስት ሺህ ዕቃ ላለው ድርጅት የሲስተም ሻጩ ሦስት ወር የማይሆን መሆኑን ያለ ክርክር ያሳያል። ይህን ስራ ሲስተም ሻጩ ይሰራልናል ብላችሁ አትጠብቁ። ኩሽኔታውን ከኩሽኔታው የሚለየው የእናንተ ሰው ነው።

የደንበኛ ስምም ያው ነው። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ደንበኛ። የዱቤ ጣሪያው 300 ሺህ ብር ከሆነ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ 900 ሺህ ሊወስድ ነው። ድርጅት ከሆነ በቲን ቁጥሩ ይመዝገብ። ግለሰብ ከሆነም በማይደገም አንድ ቁጥር ይያዝ። ስም ለማንበቢያ እንጂ ለመለያ አይሁን።

ወደ ዕቃው መኖር ልሂድ። እዚህ ላይ ፈተናው ቀላል ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ከካርዱ 50 ዕቃ ይምረጡና መደርደሪያው ላይ ሄደው ይቁጠሩ። ከዚያ ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ከመደርደሪያው 50 ዕቃ ይምረጡና ካርዱ ላይ ይፈልጉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይተወዋል። ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ካርድ የሌለው ዕቃ የሚገኘው በሱ ነው። ከመቶው ውስጥ ከአምስት በላይ ካልገጠመ፣ በእኔ አመለካከት ዕቃ ሲያልቅ ራሱ ግዢ የሚጠይቀውን ክፍል ለማብራት ጊዜው አይደለም። የተሳሳተ ቁጥር ይዞ በፍጥነት የሚያዝዝ ነገር በውጭ ምንዛሬ ላይ መልቀቅ ነው የሚሆነው።

ያልገጠመበትን ምክንያትም ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ስርቆት አይደለም። «ደንበኛ ቆሞ ነበር፣ ነገ እጽፋለሁ ብዬ» ተብሎ ከመጋዘን ወደ ሱቅ የሄደ ዕቃ ነው። ወይም ለሙከራ ወደ ጋራዥ ወጥቶ ያልተመለሰ። እነዚህ ሁለቱ አሰራር ይፈልጋሉ። ሲስተም ብቻውን አያስተካክላቸውም፤ ያ ሰራተኛ ነገም «ነገ እጽፋለሁ» ማለቱ አይቀርምና።

ዋጋና ዱቤ ላይ ሲደርሱ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጥሪው የሚያልቀው ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው። ይህን በአክብሮት ግን ሳይሸሽጉ መመዝገብ ይኖርብዎታል። ከ40ዎቹ ትዕዛዞች በስንቱ ባለቤቱ የተጻፈውን ዋጋ ወይም የዱቤ ጣሪያ አልፈው ፈቀዱ? ሪፖርቱ ላይ «ባለቤቱ ህግ ይጥሳሉ» ብለው አይጻፉት። እውነቱም እሱ አይደለም። እሳቸው ሲፈቅዱ አንድ ነገር አውቀው ነው። ያ ደንበኛ በክፉ ጊዜ ከፍሏል። ያኛው ጋራዥ ክረምት ላይ ይዘገያል እንጂ አይክድም። ይህ የዓመታት እውቀት ነው። የእርስዎ ስራ እውቀቱን ከሳቸው ጭንቅላት ወደ ወረቀት ማምጣት ነው። አብረዋቸው ይቀመጡና አስር ውሳኔዎችን አንድ በአንድ ያንሱ፤ «ይሄን ለምን ፈቀዱ? ያንን ለምን ከለከሉ?» ይበሉ። ከአስሩ ስድስት ሰባቱ ወደ ህግ ይለወጣሉ። የቀሩት በሰው እጅ ይቆዩ። ሲስተሙ ይጠይቅ፣ እሳቸው ይወስኑ፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር ይመዝገብ። ይህ የአውቶሜሽን ጉድለት አይደለም፤ ትክክለኛው ቦታው ነው።

ባለቤቱ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካሉ ግን የዱቤውን ክፍል ከግዢው ያውጡት። ህጉን የሚናገር ሰው ሳይኖር የሚገባ ህግ የፕሮግራመሩ ግምት ነው።

ዋጋ ላይ አንድ ሌላ ፈተና ልስጥዎት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 75 አካባቢ ደረሰ። በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሳምንት እናንተ ምን አደረጋችሁ? መሸጥ አቆማችሁ? ማን አዘዘ? የተሰጠው ፕሮፎርማ ተከበረ ወይስ ተሰረዘ? አዲሱ ዋጋ ሦስቱም ሱቅ ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀ? አሁን ደግሞ ዋጋ የሚሰጠው ሲስተሙ ነበር ብለው ያስቡት። ማንም ካላስቆመው በአሮጌው ዋጋ መጋዘኑን ሙሉ ይሸጠው ነበር። የገባበትን ዋጋ እንጂ የሚተካበትን ዋጋ አያውቅምና። ስለዚህ «ዋጋ ሁሉ ይቁም» የሚል ትዕዛዝ ማን እንደሚሰጥና ሲስተሙ ላይ የት ተጭኖ እንደሚቆም መታወቁ የዝግጁነት መለኪያ ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያጣው፣ አዲሱ ፕሮግራም ከስምንት ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀርቶ አሮጌው ኮድ ስለነቃ ነው። ሰዎቹ የሆነ ነገር እንደተበላሸ አይተዋል። ምኑን ማቆም እንዳለባቸው ግን ቶሎ አላወቁም።

የካይዘን፣ ማለትም ስራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ስልጠና የወሰዱ ሰዎች ካሏችሁ ይህ ሐሳብ አዲስ አይሆንባቸውም። የቶዮታ መኪና ፋብሪካን የመሰረቱት የኪይቺሮ ቶዮዳ አባት፣ ሳኪቺ ቶዮዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ለፍጻሜ ያበቁት የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱን ያቆም ነበር። የማሽኑ ትልቅነት ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ አለመቀጠሉ ነበር። ሻጩን ሲያነጋግሩ ይህንኑ ይጠይቁት፦ ሲስተማችሁ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ይቆማል ወይስ ገምቶ ይቀጥላል? ሲቆምስ ለማን ይነግራል?

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርዎት። ሪፖርትዎ ውስጥ አንድ ገጽ ብቻ የሚነበብ ቢሆን ይህ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

በአገራችን ስቶር ኪፐርና ገንዘብ ተቀባይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠሩት በዋስ ነው። ጉድለት ከመጣ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ከሱ አልፎ ዋሱ ይያዛል። እስከ ዛሬ ጉድለት ሲመጣ ካርዱ፣ የገቢና የወጪ ሰነዱ ወጥቶ ሰው ከሰው ጋር ይተማመን ነበር። ነገ «ሲስተሙ 14 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 11 ነው ያለው» ሲባል ማን ይታመናል?

የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ነው ሲስተም ያስገባው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ፣ ፉጂትሱ ያቀረበው የሂሳብ ሲስተም በየቅርንጫፉ ዘረጋ። ሲስተሙ ስህተት ነበረበት፤ ያልጎደለ ገንዘብ ጎድሏል ይል ነበር። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት ሰዎች «እኛ አልወሰድንም» ቢሉ የሚሰማቸው አጡ። ከኪሳቸው ከፈሉ። ቤታቸውን ያጡ አሉ፤ የታሰሩም አሉ። ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሂሳብ ጥፋተኛ ተባሉ። ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ህግ ፓርላማው ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ከ20 ዓመት በላይ ማለት ነው። ያ ፖስታ ቤት ኮምፒውተር አልጎደለውም። የጎደለው «ሲስተሙ ተሳስቷል» የሚል ሰው የሚደመጥበት መንገድ ነበር።

እናንተ ትንሽ ድርጅት ናችሁ፤ ግን አንድ ስቶር ኪፐር ባልሰራው ጥፋት ዋሱን ቢያስይዝ ለዚያ ቤተሰብ ጥፋቱ ያው ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ መልስ ያስፈልጋል። ሲስተሙና ቆጠራው ሲለያዩ ማን ያጣራል? በስንት ቀን? ማጣራቱ እስኪያልቅ ከሰራተኛው ደመወዝ እንደማይቆረጥ ተጽፏል ወይ? እያንዳንዱ ምዝገባ በማን ስም፣ በስንት ሰዓት እንደገባና ማን እንዳሻሻለው ያሳያል ወይ? አንድ የይለፍ ቃል ለአራት ሰው የሚጋሩበት ሱቅ ካለ እሱም ይመዝገብ፤ በዚህ ሁኔታ ተጠያቂነት ብሎ ነገር የለም። ይህ ካልተመለሰ ስቶር ኪፐሩ ሲስተሙን ቢፈራው አልፈርድበትም። ጎን ለጎን የራሱን ደብተር ይዞ ይቀጥላል፤ ልክም ነው።

የቀሩትን ፈጠን ብዬ ልለፍባቸው።

ደረሰኝ። ደረሰኝ የምትቆርጡት በገቢዎች በተመዘገበ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ይሆናል። አዲሱ ሲስተም ከማሽኑ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ገንዘብ ተቀባይዋ ሁሉንም ሁለት ጊዜ ልትጽፍ ነው። ሁለት ጊዜ የሚጻፍ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ይለያያል፤ ያኔ ልዩነቱን ለግብር ሰብሳቢው የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። የታክስ ህግም ይለወጣል፤ በ2016 ዓ.ም. አዲስ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1341፣ ወጥቷል። ምጣኔም ሆነ አሰራር ሲቀየር በራሳችሁ ሰው የሚስተካከል መሆኑን ይጠይቁ።

የቀን አቆጣጠር። ሻጩ «በኢትዮጵያ ካላንደር ይሰራል» ሲል አይመኑ፤ ያስሞክሩት። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተሰጠ የ30 ቀን ዱቤ መቼ ነው የሚከፈለው? መልሱ መስከረም 30 ቀን 2016 ነው። ሲስተሙ ጳጉሜ 6ን አልቀበልም ካለ ወይም ሌላ ቀን ካወጣ፣ የዱቤ ማስታወሻችሁ በሙሉ የሚዛባ መሆኑን አስቀድመው አወቁ።

መብራትና ኢንተርኔት። «ይጠፋል ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ይጠፋል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ጥያቄው፣ በጠፋ ጊዜ ሱቁ ምን እያደረገ ይሸጣል የሚለው ነው። መልሱን ሳያስጠነቅቁ አንድ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱን በአንድ ሱቅ አጥፍተው ይዩት። በወረቀት የተሸጠውስ በኋላ ማን ያስገባዋል? በስንተኛው ሰዓት?

ሰው። የትኛው ስራ ነው አንድ ሰው ሲታመም የሚቆመው? ያ ሰው የድርጅታችሁ ያልተጻፈ መመሪያ ነው። ፕሮጀክቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ይግባ፤ መደበኛ ስራውም በከፊል ይነሳለት። «ከስራህ ጎን ለጎን» የሚባለው ሰርቶ አያውቅም። በሌላ በኩል ግልጽነት የሚጎዳው ሰው ሊኖር ይችላል፤ የተቀነሰውን ዋጋ ለደንበኛው በሙሉ የማያደርስ ሻጭ ለምሳሌ። እሱን ለማጋለጥ አይሩጡ፤ ግን ተቃውሞ ሁሉ የዕውቀት ማነስ እንዳልሆነ ይወቁ።

ሪፖርቱን በተመለከተ። «ዝግጁነታችን 68 በመቶ ነው» የሚል ቁጥር አይጻፉ። ባለቤቱ ደስ ይላቸዋል፤ ግን ምንም አይነግራቸውም። ለየስራው ለየብቻ መልስ ይስጡ። ሳላያችሁ የምገምተው እንዲህ ነው። ዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ በሱቆች መካከል ዝውውር፣ የዱቤ ማስታወሻ መላክ፣ እነዚህ የዕቃው ዝርዝር እንደጸዳ ሊጀመሩ ይችላሉ። ዋጋ መስጠት ቀጥሎ ይምጣ፤ ማቆሚያው ከታወቀ በኋላ። ዱቤ ላይ ሲስተሙ ሐሳብ ያቅርብ እንጂ አይፍቀድ። ግዢ መጠየቁ የመጨረሻው ይሁን። እሱም መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ዝርዝር ብቻ ያውጣ፤ የግዢ ሰራተኛው ከራሱ ዝርዝር ጋር እያስተያየ ልዩነቱን ይመዝግብ። ልዩነቱ እየጠበበ ከሄደ ያኔ ይለቀቃል።

ባለቤቱ «ለምን አንዴ አንጨርሰውም?» ይሉዎታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለው ከሚመልሱላቸው፣ 40ዎቹን ትዕዛዞች ዘርግተው ያሳዩዋቸው። ከነዚህ ውስጥ ያለ ጥሪ ያለቀው ስንት ነው? ቁጥሩን በዓይናቸው ሲያዩት ክርክሩ ይቀራል። ብዙ ባለቤቶች በዚያች ቅጽበት ነው «ለካ ሁሉም ነገር እኔ ጋ ነው የሚቆመው» የሚሉት። ብዙዎቹም ያንን ሸክም ማውረድ ይፈልጋሉ፤ ሲስተሙን የፈለጉበት ምክንያትም እሱ ሊሆን ይችላል።

እነዚያኑ 40 ትዕዛዞች ለሻጩም ይስጡት። ማሳያውን በራሱ በተዘጋጀ መረጃ ሳይሆን በእናንተ ትዕዛዞች ያድርግ። የተመለሰው ዕቃ፣ ግማሽ በካሽ ግማሽ በዱቤ የሄደው ሽያጭ፣ ሁለት ስም ያለው ኩሽኔታ፣ ሁሉም ይለፉበት። የት እንደሚያልፍና የት እንደሚቆም ፊት ለፊት ታያላችሁ። የቆመበት ሁሉ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፦ ማን ያስተካክለዋል፣ መቼ፣ በማን ወጪ። ውሉ ላይ ሌላም ይጨምሩ። ብትለያዩ መረጃችሁን ሙሉ በሙሉ በሚነበብ መልክ እንደሚያስረክባችሁ፣ ሱቅ ክፍት በሆነበት ሰዓት ስልክ የሚያነሳ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ እንዳለው፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሰሩበት ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ። ስድስት ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ የሚጽፍ ሰራተኛ ይደክመዋል፤ ሁለቱንም ማበላሸት ይጀምራል።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜው ነው። ሻጮች ሐምሌ 1 ላይ መጀመር ይወዳሉ፤ አዲስ በጀት ዓመት ነውና ንጹሕ ይመስላል። የሰኔ 30ው ቆጠራ መነሻ ቁጥር እንደሚሰጥም እውነት ነው። ግን የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሂሳብ ሰዎቻችሁ ዓመታዊ ግብር ላይ ናቸው። በሚያስጨንቃቸው ወር ላይ አዲስ ሲስተም አይጫኑባቸው። የሰኔውን ቆጠራ የዕቃውን ዝርዝር ለማጽዳት ይጠቀሙበት። ኅዳር ላይ በአንድ ሱቅ ብቻ ይጀምሩ። ለመነሻ የዚያን ሱቅ ዕቃ በአንድ እሑድ መቁጠር ይቻላል። ሁለተኛው ሱቅ የሚገባው በመጀመሪያው ሱቅ የጥሪው ቁጥር መቀነሱ ሲታይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተቀሩት ሁለት ሱቆችና ዋናው መጋዘን በያዙት አሰራር ይቀጥሉ።